የጎንደር ሰው ሲኒማ መግባት የተወው መቼ ነው? የአባቴን ደብተሮች ይዤ መጥቻለሁ

የፒያሳው ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ በያላችሁበት ሰላም።

አባቴ ካረፈ ዓመት አለፈው። ባለፈው ሳምንት ዕቃውን ስናወጣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጡ የትኬት ጉራጅ፣ የደረቀ እስክሪብቶና ሦስት ባለ 50 ሉክ ደብተሮች ነበሩ። አባቴ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሲኒማ በር ላይ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ እጁን ይታጠብና እራት እስኪቀርብ ደብተር ያወጣ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ የማኅበር ሒሳብ ይመስለኝ ነበር።

ገጹ በማስመሪያ በአራት ተከፍሏል። መጀመሪያ ቀን። ቀጥሎ የተቆረጠ ትኬት። ቀጥሎ ብር። መጨረሻ ላይ አናቷ ላይ «ቆ» ተብሎ የተጻፈባት ጠባብ መስመር አለች። ይቺ «ቆ» ምን እንደሆነች እናቴም አላወቀችም።

ሌሊቱን ሙሉ ስገልጥ አደርኩ። አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ብሩን ብቻ ካያችሁ ሥራው እየተሻሻለ የሄደ ይመስላል። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ትኬቱን ስታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሦስት አሃዝ የነበረው ቀስ በቀስ ሁለት አሃዝ ይሆናል። ትኬቱ ሲወደድ ብሩ የሰውን መቅረት ሸፍኖታል ማለት ነው። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር መሰለኝ። ለዚያ ነው ሁለቱን ለየብቻ የጻፈው።

እስቲ ንገሩኝ። ሲኒማ መጨረሻ የገባችሁት መቼ ነው? ትኬቱ ስንት ነበር? በወር ስንቴ ትገቡ ነበር? ለምን ተዋችሁ? የምትጽፉትን ሁሉ አንድ ላይ ላሰባስበው አስቤያለሁ።


ጋሸ አራዳ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

ነፍስ ይማር ልጄ። አባትህን በዓይን ሳላውቀው አልቀርም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ፒያሳ ያለውን ሲኒማ የሠራው ጣሊያን ነው። ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ነው፣ ተሸንፎ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውንና ዛሬ የምታዩትን የፒያሳ መልክ ሠርቶ ሄደ። ለራሱ ሰው መዝናኛ ብሎ የሠራው አዳራሽ የእኛ ሆነ።

እኔ የማስታውሰው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ፊት ያለው አግዳሚ 25 ሳንቲም፣ ኋላ ያለው ወንበር 50 ሳንቲም። የእኛ ቦታ ፊት ነበር። አንገታችን እስኪያመን ቀና ብለን ነው የምናየው። ደጃፉ ላይ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ እናቶች ነበሩ። የ5 ሳንቲም ቆሎ ገዝተህ ገባህ ማለት በዚያን ቀን የቀረብህ ነገር የለም። መብራቱ ሲጠፋ አዳራሹ ሙሉ አንድ ላይ «እእእ» ይላል። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ኃይሌ ገሪማን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር የተወለደ የፊልም ሰው ነው። ልጅ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በጎንደር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ካውቦይና ቀይ ህንድ ይጫወት እንደነበር ተናግሯል። ሁሉም ካውቦይ መሆን ነው የሚፈልገው። የታርዛን ፊልም ሲያዩ ደግሞ ጥቁሮቹ ከኋላ ሲመጡበት ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር። እኔም ጮኬያለሁ። የገዛ መልካችንን ትተን ለሌላው እንደጮኽን የገባን ካደግን በኋላ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካን ትልቁን የፊልም ሽልማት ሲወስድ ያ ከልጅነት የቀረ ጩኸት ትዝ አለኝና አለቀስኩ።

ስንቴ ትገቡ ነበር ላልከኝ፣ በሳምንት አንዴ። ሳንቲም ካገኘን ሁለቴ። ደርግ ሲኒማ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ የሚመጣው ፊልም ተቀየረ፣ የሶቪየት ጦርነት በዛ። ሰው ግን አልቀረም። ሌላ ምን አለው?


ቪዲዮ ቤት ያደገ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሸ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ትውልድ ነኝ፣ ቀበሌ 18 ያደግሁ። የእኛ ሲኒማ ቪዲዮ ቤት ነበር።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በካርቶንና በጆንያ ተደፍኗል። ፊት ለፊት ከፍ ተደርጎ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የካሴት ማጫወቻ። መቀመጫው ድንጋይ ላይ የተጋደመ ጣውላ ነው። ደጅ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሞ በጠመኔ «ዛሬ 8፡00 ህንድ፣ 10፡00 ካራቴ» ተብሎ ይጻፋል። መግቢያ 50 ሳንቲም፣ በኋላ 1 ብር። የገባህበት ፊልም አልቆ ሌላ ሲጀመር ጣውላው ሥር ከተደበቅህ በአንድ ብር ሁለት ታያለህ። እናቴ የላብና የሲጋራ ሽታ ከልብሴ ላይ አሽትታ ነው የምትይዘኝ።

ለምን እዚህ ጻፍኩት? እኛ ሲኒማ መግባት አልተውንም ነበር። ሲኒማው ወደ ሰፈራችን መጥቶ ነው። ዋናው አዳራሽ ፒያሳ ነው፣ ቪዲዮ ቤቱ ደግሞ ከቤቴ ሃምሳ እርምጃ። አዳራሹ አዲስ ፊልም እስኪመጣለት ሲጠብቅ ቪዲዮ ቤቱ በየቀኑ ሰሌዳውን ይቀይራል። የአባትህ ደብተር ላይ ሰው የቀነሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሆነ ምክንያቱ እኛ ነን።


የእንፍራንዝ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡15 (የምጽፈው ከበርሚንግሃም ነው)

ወንድሜ የፒያሳው ልጅ፣ አባትህ ብሩንና ሰውን ለይቶ መጻፉ የጨዋ ሰው ሥራ ነው። እዚህ እንግሊዝ ያለውን ላካፍላችሁ። እዚህ ሰውን መቁጠር ከቆየ ጀምሮ የተለመደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪታንያ በአንድ ዓመት 1.6 ቢሊዮን ትኬት ተቆረጠ። የሕዝቡ ብዛት ያኔ 49 ሚሊዮን ገደማ ነው። አካፍሉት። ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ አንድ ሰው በዓመት 33 ጊዜ ሲኒማ ገባ ማለት ነው። ጋሸ «በሳምንት አንዴ» ያሉትን ሳነብ ይሄው ቁጥር ትዝ አለኝ። የእሳቸው ጎንደርና የዚያን ጊዜዋ በርሚንግሃም በዚህ ብዙም አይራራቁም።

ከዚያ ቁልቁል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቆረጠው ትኬት 54 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አይደርስም። ከ33 ወደ አንድ የማይሞላ ቁጥር፣ አንድ ሰው በሚጎለምስበት ዕድሜ ውስጥ።

ሁሉም ሰው ቴሌቪዥን ነው ይላል። አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ንግሥቲቱ ዘውድ ስትጭን ብዙ ቤተሰብ ለዚያ ሲል ቴሌቪዥን ገዛ። በ1955 ሁለተኛው ጣቢያ መጣ። ግን ሰው መቀነስ የጀመረው ቴሌቪዥን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወጣቱ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ከመሃል ከተማ ወጥቶ ዳር ላይ አዲስ ቤት ገባ። ሲኒማው መሃል ከተማ ቀረ። ሰው ሲቀንስ አዳራሽ ተዘጋ። አዳራሽ ሲዘጋ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው አውቶቡስ መሳፈር ግድ ሆነበት። እሱም ቀረ። ከዚያ ሌላ አዳራሽ ተዘጋ። በ1946 ከ4 ሺህ በላይ ሲኒማ ቤት የነበራት አገር እንዲህ ሆነች። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። አንድ አዳራሽ ሲዘጋ የሚሄዱት ወንበሮቹ ብቻ አይደሉም። መሄድ የሚባለው ልማድ አብሮ ይሄዳል።

ግን እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚልተን ኪንስ በሚባል አዲስ ከተማ አሥር ስክሪን ያለው ሲኒማ ተከፈተ። መኪና ማቆሚያ አለው፣ ምግብ ቤት አለው፣ ንጹሕ ነው። አንዱ ፊልም ቢሞላብህ ሌላው አለልህ። ሌሎችም ተከተሉ። ቁጥሩ ወደ ላይ ዞረና በ2018 177 ሚሊዮን ደረሰ። ወደ 1946 አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ከ1984ቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ከየቤቱ አልወጣም፣ እንዲያውም ብሶበታል። የተቀየረው አዳራሹ ነው።


ሒሳብ አስተማሪ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

የእንፍራንዝ ልጅ፣ ይህን ጽሑፍህን ክፍል ይዤው ልገባ ነው። ለአማካይ ትምህርት እንዲህ ያለ ምሳሌ አላገኝም።

የአባትህን ነገር በሌላ አገር ላሳይህ የፒያሳው ልጅ። በአሜሪካና በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ 1.57 ቢሊዮን ትኬት ተሸጠ። አማካይ ዋጋው 5.81 ዶላር ነበር። ብታባዛው 9.1 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። በ2019 ትኬቱ ወደ 1.23 ቢሊዮን ወረደ፣ አማካይ ዋጋው ግን 9.16 ደረሰ። ብታባዛው 11.3 ቢሊዮን። ገንዘቡ በሁለት ቢሊዮን ጨመረ፣ ሰው በ340 ሚሊዮን ትኬት ቀነሰ። «ሪከርድ ገቢ» እየተባለ ሲወራ ወንበሩ ባዶ እየሆነ ነበር። ገንዘብ ብቻ ቆጥሮ የሚደሰት ሰው ይህን አያይም።

ብሪታንያን ከአሜሪካ ማወዳደር ቀላል ነው። የእኛን ዘመን ከራሳችን ዘመን ማወዳደር ግን ይከብዳል። የጋሸ 25 ሳንቲምና የዛሬው ዋጋ በአንድ ቋንቋ አይነጋገሩም። ደርግ እስኪወድቅ አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር። በመስከረም 1985 ወደ 5 ብር ወጣ። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ስለዚህ ትኬት በብር ስንት ነበር ማለት ብቻውን አይበቃም።

እኔ በማኪያቶ እንለካ እላለሁ። በዘመናችሁ አንድ ትኬት ስንት ማኪያቶ ይገዛ ነበር? ማኪያቶ ያልነበረበት ዘመን በሻይ ይለካ። የእኔን ልጀምር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለሁ አንድ ትኬት አምስት ማኪያቶ ይገዛ ነበር። በወር አንዴ እገባ ነበር።


ጋሸ አራዳ
እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

መምህር፣ ጥሩ መላ ነው። በእኛ ጊዜ ሻይ 10 ሳንቲም ነበረች። ፊት አግዳሚው ሁለት ሻይ ተኩል፣ ኋላው ወንበር አምስት ሻይ ማለት ነው። አየህ፣ ያንተ አምስት ማኪያቶ ከእኔ ኋላ ወንበር ጋር ልክ ነው። ግን ለልጅ ፊት ነበረለት። የአንተ አዳራሽ ፊትና ኋላ ብሎ ዋጋ ይለይ ነበር? ርካሹ ቦታ ሲጠፋ ድሀው ልጅ አብሮ ጠፋ።

የፒያሳው ልጅ፣ ሌላ ነገር። ሌሊቱን «ቆ»ዋን ሳስባት አደርኩ። ቆመው ያዩት ናቸው! ወንበር ሲያልቅ ግድግዳ ተደግፎ የሚያይ ሰው በግማሽ ዋጋ ይገባ ነበር። «ቆ» ማለት «ቆሞ» ነው። እስቲ ብዙ ቁጥር ያለባቸውን ቀኖች እይ። በዓል ይሆናል፣ ወይም የህንድ ፊልም አዲስ የመጣበት ሳምንት።


የፒያሳው ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡20

ጋሸ፣ እግርዎን ልሳመው። ልክ ነዎት። የተቆረጠው ትኬት አንድ የማይታለፍ ቁጥር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው «ቆ» ሥር የሚጻፈው። ያ ቁጥር የወንበሩ ብዛት ነው። የፋሲካ ማግሥት፣ የመስቀል፣ የጥምቀት ሰሞን ሞልቷል። ከዓመት ዓመት እያመሳከርኩ ነው፣ ስጨርስ እጽፋለሁ።


ማክዳ ከማራኪ
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡45

እስካሁን የጻፋችሁት ሁላችሁም ወንዶች ናችሁ። እኔም ልናገር።

ማራኪ ግቢ ተማሪ ሳለሁ ፊልም በጣም እወድ ነበር። አሁንም እወዳለሁ። ግን ሲኒማ ለመግባት የሚያስፈልገኝ የትኬት ብር ብቻ አልነበረም። የምሽት 12 ሰዓቱ ፊልም 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ ባጃጅ። ለሴት ልጅ ብቻዋን በምሽት ኮንትራት ነው፣ ኮንትራት ደግሞ ከትኬቱ ይበልጣል። ጓደኛ ይዤ ካልሄድኩ አልገባም፣ ስለዚህ ሁለታችንም ብር ያለን ቀን መጠበቅ አለብን። ማኪያቶና ፈንዲሻ ደምሩበት። መምህር፣ የእኔ ትኬት በማኪያቶ አምስት ቢሆንም የእኔ ሲኒማ አሥራ አምስት ማኪያቶ ነበር። ሰው ለሲኒማ ስንት ያወጣል ሲባል ይሄም ይቆጠር።

አንድ ቀን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የአማርኛ ፊልም ገባን። የት እንደሆነ አልናገርም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ድምፁ ግን ከፊልሙ ድምፅ ይበልጣል። ተዋናይዋ ስታለቅስ አያለሁ፣ ምን እንደምትል አልሰማም። እንደገና ጠፋ። ስልካችንን አብርተን በጨለማ ተቀመጥን። ከኋላችን ያሉ ልጆች የማይባል ነገር ይናገሩን ጀመር። ወጣን። በሩ ላይ ያለውን ልጅ ብራችንን ወይም ለነገ የሚሆን ትኬት ስጠን አልነው። «መብራት የእግዜር ነው» አለን።

ያን ቀን ነው የተውኩት። ብሩ አይደለም የከፋኝ። አራት ሴቶች ሳምንት ሙሉ አቅደን፣ ለብሰን፣ ተኳኩለን የሄድንበት ነገር ለማንም ምንም አለመሆኑ ነው። የከሰዓት 8 ሰዓት ፊልም ቢኖር፣ መብራት ሲሄድ ትኬት ቢመለስ፣ በር ላይ አንዲት ሴት ሠራተኛ ብትኖር ግማሽ ግቢ ይገባ ነበር። ከልቤ ነው የምላችሁ።


ፊልም ጫኚ የነበረ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

የማክዳን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም የበኩሌን ጥፋት ልናዘዝ።

ከ2003 እስከ 2010 አውቶፓርኮ አካባቢ ፊልም እጭን ነበር። ለማታውቁት፣ ኮምፒውተር ላይ ፊልም ሞልቶ ሰው ፍላሽ ይዞ ሲመጣ መገልበጥ ነው። መጀመሪያ አንድ ፊልም 2 ብር፣ በኋላ 8 ጊጋ ሙሉ 20 ብር። የውጭውን ፊልም እንደ ኃጢአት አልቆጠርኩትም፣ ማን ያየኛል ብዬ። የአማርኛው ግን ይከነክነኝ ነበር። አንድ ፊልም አዲስ አበባ ተመርቆ ገና አዳራሽ እየዞረ ሳለ እጄ ይገባል። አንዳንዱ ከአዳራሽ ውስጥ በስልክ የተቀረጸ ነው፣ የተመልካች ጭንቅላት ይታያል፣ ሲስቁ ይሰማል። እሱንም እንሸጠው ነበር። ሰውም ገዛን።

ቅዳሜ ከገበያ የሚመለስ ሰው አንድ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ። ያ ፍላሽ አገር ቤት ደርሶ ስንት ስልክ ላይ ይገለበጣል? መቶ ሰው ቢያየው ለእኔ 2 ብር፣ ለፊልሙ ባለቤት ባዶ። ስለዚህ ሰው ፊልም ማየት ተወ የሚል ካለ አይደለም። እንዲያውም ፊልም እንደዚያ ጊዜ ታይቶ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን አንዱም ትኬት አልቆረጠም።

የእኔም ሱቅ አልቆየ። ቴሌግራም መጣ፣ ዩቲዩብ መጣ። ዛሬ ስልክ እጠግናለሁ።


ካሜራ ያዥ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ የእኔንም ፊልም ጭነህ ይሆናልና።

ከጓደኞቼ ጋር አንድ ፊልም ሠርተን ጎንደር አሳይተናል። የብሩን መንገድ ልንገራችሁ። ከአዳራሹ ጋር ግማሽ ግማሽ ነበርን። ከእኛ ግማሽ ላይ ባነር፣ የግድግዳ ወረቀት፣ ሞንታርቦ ጭኖ ከሳሙና በር እስከ አዘዞ የሚዞር መኪና፣ ነዳጅ፣ የልጆቹ ምሳ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ትኬቱን ከማስወደድ ሌላ መላ አልታየንም። አስወደድነው። የመጀመሪያው ቀን ቤተሰብና ጓደኛ ሞላው። በሦስተኛው ቀን ፊት ለፊት ሁለት ረድፍ ሰው ነበር። አሁን ሳስበው ትኬቱን ዝቅ አድርገን ብዙ ቀን ማሳየት ነበረብን። ጋሸ ስለ ፊት አግዳሚ ያሉት ልቤን ነካኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ፣ አዳራሽ ተዘጋ። ይሄ የእኛ ብቻ አልነበረም። በዓለም ዙሪያ የሲኒማ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 42 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በአንድ ዓመት ወደ 12 ቢሊዮን ወረደ። የእኛ ግን እሱ ሳይሽር ጦርነት መጣ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ሰዓት እላፊና ሥጋት። ምሽት 12 ሰዓት ሰው ወደ ቤቱ የሚሮጥበት ሰዓት ሆነ። የሲኒማ ሥራ የምሽት ሥራ ነው። ምሽት ከሌለ ምን ይሸጣል?


ቃና ተመልካች
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁት። በ2008 ቃና ተከፈተ። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ በነጻ፣ በየቀኑ፣ ከእናቴ ጋር ቡና እየጠጣን። ለምን ብዬ ብር ከፍዬ ጨለማ ውስጥ እገባለሁ? ሲኒማን የገደለው ይሄ ነው።


የእንፍራንዝ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡00

እህቴ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ግን አልስማማም። ቤት ያለው ስክሪን ሲኒማን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ህንድ ውስጥ አዳራሽ አይኖርም ነበር። ህንድ ውስጥ ቴሌቪዥን የሌለበት ሰፈር የለም፣ ግን ለብዙ ዓመታት በዓለም ብዙ ትኬት ይቆረጥባት የነበረች አገር እሷ ናት። ቻይናም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ፊልም እያየ ሳለ አዲስ አዳራሽ በሺህ እየሠሩ ሄዱና እ.ኤ.አ. በ2020 በሲኒማ ገቢ አሜሪካን አለፏት።

ደግሞ ጎንደር ራሷን እይው። ኳስ ቤት ገብቶ ጨዋታ ለማየት ሰው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት እሑድ ማታ መቆሚያ የለም። ጨዋታውን ቤቱ ሆኖ በስልኩ ማየት የሚችለው ልጅ እንኳ ከፍሎ ይገባል። ለምን? አብሮ ለመጮህ ነው። ጋሸ ታርዛንን ለማዳን የጮኹትን ጩኸት ማለቴ ነው። ያ ፍላጎት አልሞተም።


ሒሳብ አስተማሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡25

ኳስ ቤቱን ቁጠሩልኝ ማለት ነው! አንድ ወጣት በወር አራት ጨዋታ ከፍሎ ካየ፣ ያ ገንዘብ ጋሸ በወር አራት ጊዜ ለሲኒማ ያወጡት ገንዘብ ወራሽ ነው። በማኪያቶ ብታሰሉት አንድ ጨዋታ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ርካሹ አግዳሚ ያለው አሁን እዚያ ነው።

ማክዳ፣ «ሲኒማ አሥራ አምስት ማኪያቶ ነው» ያልሽውን ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ነገ ተማሪዎቼ ያዩታል። ቪዲዮ ቤት ያደገ፣ የአንተስ ስንት ነበር?


ቪዲዮ ቤት ያደገ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡50

አንድ ሻይ መምህር። አንድ ሻይ ከዳቦ ጋር ብንል ግፋ ቢል። ስለዚህ ነው በሳምንት አምስት ቀን የምገባው።


የፒያሳው ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጨርሻለሁ። ሦስቱንም ደብተር ዛሬ ከሥራ በኋላ ተቀምጬ አየሁ። እናቴም አጠገቤ ሆና መነጽሯን አድርጋ ታነብልኝ ነበር።

ቪዲዮ ቤት ያደገ፣ ወንድሜ፣ ልክ ብለሃል። መጀመሪያ የቀነሰው ትኬቱ አይደለም። «ቆ» ናት። በ1980ዎቹ አጋማሽ በየሁለት ሳምንቱ ቁጥር ይጻፍባት ነበር። ከዚያ በወር አንዴ። ከዚያ በዓል በዓል ብቻ። ያን ጊዜ ወንበሩ ገና ይሞላ ነበር፣ ብሩም ይጨምር ነበር። ማንም ችግር አለ አይልም። ግድግዳ ተደግፈው ያዩ የነበሩት ግን ቀድመው ሄደዋል። ግማሽ ዋጋ የሚከፍሉት፣ የጋሸ የፊት አግዳሚ ልጆች። ወደ ቪዲዮ ቤቱ ጣውላ መሆኑ ነው የሄዱት። ወንበሩ ባዶ መሆን የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

ለማክዳ አንድ ነገር አገኘሁልሽ። ሁለት ቀን ላይ፣ ብር በሚጻፍበት ቦታ፣ «መብራት ሄደ፣ ተመለሰላቸው» ይላል። ትኬቱ ተቆጥሯል፣ ብሩ ጋ ሰረዝ ነው።

መጨረሻ ቁጥር የተጻፈባት «ቆ» የጥምቀት ማግሥት ናት፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት። ሰባት ይላል። ሰባት ሰው ቆሞ አይቷል። ከዚያ ቀን በኋላ «ቆ» ሥር ምንም የለም። ግን አባቴ እያንዳንዱን አዲስ ገጽ ሲጀምር አራተኛዋንም መስመር ያሰምራታል። አናቷ ላይም «ቆ» ብሎ ይጽፋል። እስከ ሦስተኛው ደብተር መጨረሻ ገጽ ድረስ።